አውራጅና ተቀባይ

ሊኖር የመጀመሪያውን ሙዚቃ፣ ሶናቲናውን፣ ፒያኖ ላይ ተጫውታ ስትጨርስ ራይሳ ምንም አልተናገሩም። የመምህርቷ ዝምታ ምስጋና መሆኑ ለሊኖር የገባት ቆይቶ ነው፤ ራይሳ ሲከፋቸው እንጂ ሲደሰቱ አፋቸውን አይከፍቱም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሙዚቃም በዝምታ አለፉ። ስኬሎቹ፣ የድምፅ መሰላሎቹ፣ ወጡ፣ ወረዱ፤ አንዲት ጣት አልተደናቀፈችም።

«አሁን የጆሮ ፈተና» አሉ ራይሳ፣ ወንበራቸውን ወደ ፒያኖው እየሳቡ። «ተነሺና አጠገቤ ቁሚ። እኔ እጫወታለሁ፣ አንቺ የሰማሽውን መልሰሽ ትዘፍኛለሽ።»

 ሊኖር ይህችን ሰዓት ከጠዋት ጀምሮ ስትፈራት ነው የዋለችው።

ራይሳ በቀኝ እጃቸው አንዲት አጭር ዜማ ተጫወቱ፤ ሕፃን እንኳ የሚይዛት፣ አንድ ትንፋሽ የማትሞላ። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ጠበቁ። ሊኖር ዓይኗን ወደ ወለሉ ሰበረች። እጇ ማንም ሳያዝዘው ተነሥቶ አፏን ሸፈነ። ከጣቶቿ በስተኋላ የሆነ ነገር ተንሾካሾከ።

«አልሰማሁም።»

ደግማ ተንሾካሾከች።

«ሊኖር፣ እኔ አሮጊት ነኝ። ፈታኙ ደግሞ ከእኔም ይብሳሉ። የምትዘፍን ልጅ አምጡልን ነው የሚሉት፤ ድምፅ የሌላት ቢራቢሮ ማን ጠየቀ?»

 ራይሳ መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት ካዩዋት በኋላ ከወንበሩ ተነሡላት። «በይ ቁጭ በይና ተጫወቻት።» ሊኖር ተቀምጣ ዜማዋን እንዳለች ተጫወተቻት። በግራ እጇም ደገመቻት። ራይሳ «ከሌላ ድምፅ ጀምሪልኝ» ሲሏት ከሌላ ድምፅ ጀምራም አልሳተችም።

«ጆሮሽ ጤነኛ ነው» አሉ ራይሳ። «የታመመው ጉሮሮሽ ነው።»

የፈተናው ነገር እንዲህ ነው። ከውጭ አገር የሚመጡ ፈታኝ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ወደ እነሊኖር ከተማ ወደ ቤርሼባ ይመጣሉ። ሊኖር የምትመኘው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክፍል ፒያኖ ተማሪ የሚቀበለው የዚህን ፈተና አምስተኛ ደረጃ ያለፈ ከሆነ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍልን ትጨርሳለች፤ የሚቀጥለው ዓመት ለእሷ አይሆንም። በፈተናው ሕግ የጣት ጉብዝና የጉሮሮን ዝምታ አያካክስም። አንዱ ክፍል ባዶ ከሆነ ሁሉም ባዶ ነው።

«ስምሽን የምልከው ከፑሪም በዓል በኋላ ነው» አሉ ራይሳ፣ ቃላቸውን ሳያለዝቡ። «እስከዚያ ድምፅሽን ካልሰማሁ አልልክሽም። ወድቀሽ አልቅሰሽ ከምትመለሺ ሳትሄጂ ብትቀሪ ይሻላል። እኔ ልጅ ለውድቀት አልልክም።»

ሊኖር ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ እሺታዋን ገለጸች። ራይሳ ይህን የትንፋሽ እሺታ ከለመዱት ቆይተዋል፤ መጀመሪያ ሰሞን ግን ልጅቷ የደነገጠች እየመሰላቸው ውሃ ያመጡላት ነበር።

ደረጃውን ስትወርድ ተራ የደረሳት ሌላዋ ተማሪ ሊታል ስትወጣ ተገናኙ። ሊታልን እናቷ ሀብታሞች ከሚኖሩበት ከዖሜር በመኪና እያመጣች በር ላይ ታወርዳታለች። ሊኖር ታች ሳትደርስ የሊታል የጆሮ ፈተና ተጀመረ። ሊታል ከፒያኖው ጋር የማይገናኝ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዜማ፣ በሙሉ ልቧ፣ ሕንፃውን እስክታነቃንቅ ድረስ ዘፈነች። ሊኖር ደረጃው ላይ ቆማ አዳመጠቻት። ቀናችባት እንጂ አልሳቀችባትም።

ቤታቸው ያለው ፒያኖ አንዲት ሩሲያዊት አሮጊት ሲሞቱ ልጆቻቸው «ተሸክሞ ለሚወስደው በነፃ» ያሉት ነው። የሊኖር ወንድም ጊዲና ጓደኞቹ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ሲያወጡት ያላማረሩት ነገር አልነበረም፤ የሙዚቃን ፈጣሪ ሳይቀር ረግመዋል። ከዚያ ወዲህ የሕንፃው ሰው ሁሉ ሊኖር ምን እንደምታጠና ያውቃል። በደረጃው ላይ ያገኟት ጎረቤቶች «ያቺ ቶሎ ቶሎ የምትለዋ እኮ አማረባት!» ይሏታል።

እናቷ የሻሽወርቅ ኤመቅ ሳራ በተባለው የኢንዱስትሪ ሠፈር ካለው የማሸጊያ ፋብሪካ ተመልሳ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። ሊኖር ነገሩን በዕብራይስጥ ነገረቻት፤ የሻሽወርቅ በአማርኛ መለሰች። የእነሱ ቤት ወግ ነው።

«ዝፈኚ ነው የሚሉሽ?»

«ፈተና ነው፣ ኢማ» አለች ሊኖር፤ እናቷን በዕብራይስጥ እንዲህ ነው የምትጠራት።

«ሽማግሌ ፊት?»

«ፈታኙ ሽማግሌ ከሆኑ ምን ላድርግ?»

«ዝም በያ! አንዲት ፍሬ ልጅ የማታውቂያቸው ትልቅ ሰው ፊት ተገትረሽ እንደ ፍየል ልትጮሂ?»

ጊዲ ከኮምፒውተሩ ላይ ቀና አለ። የምህንድስና ተማሪ ነው፤ ዕቃም ክርክርም ፈታቶ መገጣጠም ይወዳል። «ኢማ፣ አንቺ እኮ በየሰርጉ የምትዘፍኚው ለሽማግሌ ነው። ፊት ለፊት የሚቀመጡት እነማን ናቸው?»

«እኔ አውራጅ ነኝ» አለች የሻሽወርቅ፣ ነገሩን ለመዝጋት። «የእኔና የእሷ አንድ ነው?»

አንድ አይደለም። የሻሽወርቅ በጎንደርም በቤርሼባም ዘፈን አውራጅ ናት፤ እሷ ካልመጣች ሰርጉ እንደማይሞቅ ሁሉም ያውቃል። ልጇን ግን በሌላ መንገድ ነው ያሳደገችው። ትልቅ ሰው ሲመጣ ዓይን ይሰበራል፣ ድምፅ ይለዝባል፣ የተጠየቁትን መልሶ ዝም ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም። በወላጆች ስብሰባ ላይ መምህራኑ «ሊኖር ጎበዝ ናት፣ ግን ክፍል ውስጥ ድምፅዋ አይሰማም» ብለው ሲያማርሩ፣ የሻሽወርቅ ምስጋና መስሏት በኩራት «ተመስገን» ብላ ነበር የወጣችው።

በማግስቱ ጊዲ ፈታኙን ሆኖ ሊያለማምዳት ሥራ ጀመረ። የእናቱን መነጽር አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰካ፣ አንሶላ ትከሻው ላይ ጣለ፣ ወንበር ላይ ተንጠራርቶ ተቀመጠና ጉሮሮውን እየጠረገ «እንግዲህ ወጣቷ! ዘምሪ!» አለ። ፒያኖ መጫወት ስለማይችል ዜማዎቹን ከስልኩ ነው የሚያሰማት። ሊኖር ከሳቋ ጋር እየታገለች ዘፈነች። ሁለተኛዋን ዘፈነች፤ ሦስተኛዋን ዘፈነች፤ ድምፅዋ ወፍራምና ንጹሕ ሆኖ ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለሰ።

«ይኸው!» አለ ጊዲ አንሶላውን ወርውሮ። «ምን ጎደለሽ?»

የሻሽወርቅ ማን እንደሚዘፍን ለማየት ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ዜማው መሐሉ ላይ ተቆረጠ። ሊኖር ዓይኗን ወደ ምንጣፉ ሰበረች፤ እጇ አፏ ላይ ወጣ።



«እኔ ነኝ ያስደነገጥኋት?» አለች የሻሽወርቅ ቀስ ብላ።

«አልደነገጥሁም» አለች ሊኖር። «አልወጣ አለኝ እንጂ።»

የሻሽወርቅ ተመልሳ ሄደች። ጊዲ ስልኩን እንደገና ከፈተ። ዜማው አልቆ ክፍሉ ጸጥ ሲል ግን ከበሩ ሥር የእናቷ ነጠላ ጫማ ጥላ ይታይ ነበር፤ ሊኖርም አየችው፤ የራሷም ድምፅ ጠፋ። በሩን ዘግተው ቢሠሩም፣ የሻሽወርቅ ጎረቤት ቤት ሄዳ ብትቀመጥላቸውም ለፈተናው የጠቀማት ነገር አልነበረም። ከወንድሟ ጋር ትዘፍናለች፤ ትልቅ ሰው ጆሮውን ሰጥቶ እየጠበቀ እንደሆነ ካወቀች ጉሮሮዋ ይዘጋል። ፈታኙ ደግሞ ሥራቸው መጠበቅ ነው።

የሻሽወርቅ ግትር ሴት አይደለችም። ሌሊት ያላሰበችውን ቀን አሰበችው፣ ካርቶን እያሸገች አሰበችው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት «እኔም እመጣለሁ» ብላ ከልጇ ጋር ራይሳ ቤት ሄደች። ራይሳ በብርጭቆ ሻይ አቀረቡ። የሻሽወርቅ ዕብራይስጥ ለፋብሪካ ይበቃል፤ ለዚህ ጉዳይ ስላልበቃ ወደ ልጇ ዞረች።

«ልጄ ጨዋ ናት እንጂ ደንቆሮ አይደለችም በያቸው።»

ሊኖር፣ «እናቴ ጨዋ ነኝ፣ ጆሮዬም ደህና ነው ትላለች» ብላ ተረጎመች።

ራይሳ ከእናቲቱ የድምፅ ቁጣ የትርጉሙን መለዘብ ሳይረዱ አልቀሩም። «ጨዋ መሆኗን አየሁ» አሉ። «ጨዋነቷን ከፈተናው ክፍል በር ላይ ትተወው፤ ስትወጣ ትወስደዋለች።»

ይህኛውን የሻሽወርቅ ራሷ ሰማችው። «ጨዋነት ጫማ ነው እንዴ በር ላይ የሚወልቅ?» አለች በአማርኛ። ሊኖር ይህን ሳትቀንስ ተረጎመችው። ራይሳ ሳቁ፤ ሊኖር መምህርቷ ሲስቁ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ስሚ» አሉ ራይሳ ወደ የሻሽወርቅ ዞረው፣ ዕብራይስጣቸውን እያቀለሉ። «የእኔ እናት የማላውቀው ሰው ፊት ፈገግ እንዳልል ነው ያሳደገችኝ። ሞኝ ነው በማያውቀው ሰው ፊት የሚስቅ ትለን ነበር። እዚህ አገር ስመጣ ዳቦ ሻጩም፣ የባንክ ሠራተኛዋም የተጣላኋቸው ይመስላቸው ነበር።»

«ታዲያ ፈገግታ ተማሩ?»

«ምን እማራለሁ። እነሱ ለመዱኝ።» ሻያቸውን ፉት አሉ። «ፈታኙ ግን ልጅሽን የሚለምዱበት ጊዜ የላቸውም። ለአንድ ተማሪ ያላቸው ሩብ ሰዓት ነው።»

 ወደ ቤት ሲመለሱ የሻሽወርቅ አውቶቡሱ ውስጥ የልጇን እጅ ይዛ ተቀመጠች። ሴትየዋ ሐሰት አልተናገሩም፤ እሷም ልጇን በክፉ አላሳደገችም። ሁለቱም እውነት ሆነው ልጅቷ መሐል ቀረች።

ከፑሪም በፊት በነበረው ዓርብ የሊኖር የአጎት ልጅ የኢናቭ የቀለበት ግብዣ ነበር። ሰንበት ሳይገባ ይጠናቀቅ ዘንድ በጠዋት ተጀምሮ የሠፈሩ ማኅበረሰብ ማዕከል ግቢ በሰው ተሞላ። ሽማግሌዎቹ በአባባ አያልነህ መሪነት ከፊት ተደርድረዋል። ወጣቱ ከኋላ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። የሻሽወርቅ ከበሮውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መሐል ገባችና ጀመረች።

«የኢናቭ እናት ዛሬ ደስ ይበላት…»

ከፊት ያሉ ጥቂት ሴቶች ተቀበሏት። ከኋላ ምንም የለም። ደገመችው፤ ግጥሙ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ብቻውን ቀረ። የሻሽወርቅ ከበሮውን በመዳፏ ገታች።

«ምነው? ከግድግዳ ጋር ነው የምዘፍነው?» አለች። «ተቀበሉ እንጂ! አውራጅ ሲያወርድ ዝም ማለት በሩን ፊቱ ላይ መዝጋት ነው። ነውር አይደለም እንዴ?»

«ነውር ነው!» አሉ አባባ አያልነህ ከወንበራቸው ሆነው፤ ከዘራቸውን አንሥተው ወደ ኋላ ቀሰሩት። «እናንተ ስልካሞች! ተቀበሉ!»

ሊኖር እፍረት አቃጠላት። ስለራሷ አላፈረችም፤ የእናቷ ድምፅ በሰው ፊት ያለ ምላሽ መቅረቱ ነው ያቃጠላት። ከበሮው ሲቀጥል፣ የእናቷ ግጥም ገና መጨረሻው ሳይደርስ፣ «እሰይ እሰይ ደስ ይበላት!» ብላ ገባች። አጠገቧ ያሉ ልጃገረዶች ተከተሏት። ከእነሱ ኋላ ጎረምሶቹ መጡ። ግጥም ሲወርድ ስትቀበል፣ ሲወርድ ስትቀበል ቆይታ፣ ቀና ስትል አባባ አያልነህ ትክ ብለው እያዩዋት ራሳቸውን በምቱ ልክ ይነቀንቃሉ። ድምፅዋ ከሁሉም በላይ ይሰማል። እጆቿ ደግሞ ያጨበጭባሉ፤ አፏን የሚሸፍን እጅ አልነበራትም።

ግብዣው ሲያበቃ ወደ ቤት በእግራቸው እየሄዱ ሊኖር ጠየቀች።

«ኢማ፣ ቅድም ስቀበልሽ ድምፄ ይሰማ ነበር?»

«ይሰማ ነበር ወይ? ከበሮዬን አስናቅሽብኝ እንጂ።»

«አባባ አያልነህ እኮ ፊት ለፊቴ ነበሩ።»

«ታዲያስ?»

«ጮህኩባቸው።»

«ምን ጮህሽ? ተቀበልሽ እንጂ!» አለች የሻሽወርቅ፣ የልጇ አለማወቅ እየገረማት። «መቀበልና መጮህ አንድ ነው? ትልቅ ሰው ሲጠራሽ አቤት አትይም? በልብሽ ነው አቤት የምትይው?»

ሊኖር መንገዱ መሐል ቆመች። እናቷ ጥቂት ሄዳ አጠገቧ ማንም እንደሌለ ስታይ ዞረች።

«ምን ሆንሽ?»

«ፈታኙ» አለች ሊኖር፣ ይህን በአማርኛ ነበር ያለችው፣ «ፈታኙ አውራጅ ናቸው ማለት ነው። እኔ ዝም ስል…»

«በሩን ፊታቸው ላይ እየዘጋሽ ነው» አለች የሻሽወርቅ፤ እሷም ቆመች።

ራይሳ በሚቀጥለው ትምህርት እንደ ወትሮው አጭር ዜማ ጀመሩ። ዜማዋ ጫፏ ሳይደርስ ከጎናቸው ያ ሁሉ ድምፅ ሲመጣባቸው እጃቸው ከቁልፎቹ ላይ ዘለለ።

«አምላኬ!» አሉ በሩሲያኛ። ከዚያ በዕብራይስጥ፣ «ይህች ማን ናት?»

«እኔ ነኝ» አለች ሊኖር።

«የት ነበርሽ?» ራይሳ መልስ ሳይጠብቁ ወደ ፒያኖው ዞሩ። «ድምፁ ልክ ነው። ሁሉም ልክ ነው። ግን እኔ ሳልጨርስ ገባሽ። እስክጨርስ ጠብቂኝ።»

ተጫወቱ፤ ጨረሱ። ሊኖር ጠበቀች። ስትጠብቅ ጸጥታው መጣ፤ ከጸጥታው ጋር ያ አሮጌው ነገር መጣ፤ ዓይኗ ወደቀ፤ እጇ ተነሣ። ቢራቢሮዋ ተመለሰች።

ደጋግመው ሞከሩት። ስትደርብ ትዘፍናለች፤ ስትጠብቅ ትጠፋለች። እቤትም የተለየ ነገር አልተገኘም። የሻሽወርቅ የአውራጅነቱን ሥራ ከጊዲ ተረክባ፣ ሽንኩርት እየከተፈች ዜማ ታወርድላታለች፤ ሊኖር ትቀበላለች። አሁን እናቷ ፊትም ድምፅዋ ይወጣል። ጊዲ ግን «ኢማ፣ ክፍተት ተዪላት እንጂ፣ ፈተናው ላይ እኮ ክፍተት አለ» ሲላት የሻሽወርቅ በጭራሽ እሺ አትልም።

«ክፍተት ያለበት ዘፈን ምን ዘፈን ነው? ሰው መሐሉ ላይ ሊተኛ ነው?»

«ሕጉ ነው፣ ኢማ።»

«ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሰርግ ሄደው አያውቁም።»

ቀኑ ሲደርስ ራይሳ የሊኖርን ስም ላኩ። ለምን እንደላኩ ሲነግሯት እንደ ልማዳቸው አላለዘቡትም። «ደርበሽ ብትገቢ ነጥብ ይቀንሱብሻል። ዝም ብትይ ግን የሚቀንሱት ነገር እንኳ አይኖራቸውም። የሚቀነስበት ነገር ያላት ልጅ ልልክ እችላለሁ።»

ፈተናው የተደረገው መሐል ከተማ ባለ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ በግንቦት ሙቀት ነበር። የሻሽወርቅ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ፣ የሰንበት ልብሷን ለብሳ፣ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። ሊኖር ገባች።

ፈታኙ ረዥም ሽማግሌ ናቸው፤ ቅንድባቸው ነጭ፣ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። እንግሊዝኛቸውን በዝግታ ይናገራሉ፤ ሊኖር ከትምህርት ቤት በያዘችው እንግሊዝኛ ሁሉም ገባት። ስኬሎቹ አለፉ። ሦስቱ ሙዚቃዎች አለፉ፤ ሶናቲናው ላይ ሽማግሌው እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው አዳመጡ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ፒያኖው መጡ፤ ሊኖር ቦታውን ለቃ አጠገባቸው ቆመች። ሦስት አጫጭር ዜማዎች እንደሚጫወቱ፣ እያንዳንዱን በድምፅዋ እንድትመልስ ነገሯት።

አውራጅ ናቸው፣ አለች በልቧ። አውራጅ ናቸው።

የመጀመሪያዋ ዜማ ተጀመረች፤ ገና ጫፏ ሳይደርስ የሊኖር ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ፈታኙ እጃቸውን አነሡ። ነጩ ቅንድባቸውም አብሮ ተነሣ። አልተቆጡም።

«ድምፅሽ ቆንጆ ነው» አሉ። «ግን መጀመሪያ እኔ ልጨርስ፤ ከዚያ አንቺ።»

ፊቷ እሳት ሆነ። ትልቅ ሰው ሲናገር አቋርጣለች፤ ለካ እዚህ ሌላ ነውር ነበር። ሁለተኛዋን ዜማ ተጫወቱ። ሊኖር ጠበቀች። እሳቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ጆሮአቸውን ወደ እሷ አዘነበሉ። ግድግዳው ላይ ያለው ማራገቢያ ብቻ ይሰማል። ዜማዋ ጭንቅላቷ ውስጥ ከነጫፏ አለች፤ የወጣው ግን ክር ብቻ ነው፤ እሱም ተበጠሰ። ሽማግሌው ትንሽ ጠበቁ፤ ከዚያ ወረቀታቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ።

የቀረችው አንዲት ናት። ሊኖር ይህን ታውቃለች፤ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠችው እናቷም ብታውቅ ኖሮ፣ ያን ሰዓት ልጇ እንድትዘፍን ብላ የፋብሪካ ሥራዋን፣ የሰርግ ዘፈኗን፣ ሁሉንም ትሰጥ ነበር።

ሽማግሌው ሦስተኛዋን ተጫወቱ። ይህች ከፊተኞቹ ዝግ ያለች ናት፤ የመጨረሻው ድምፅ ረዥም ነበርና ጣታቸው ቁልፉ ላይ ቆየ። ዜማው አልቋል፤ ሽማግሌው ጨርሰዋል፤ ድምፁ ግን ገና ነው። ሊኖር ስንት ዘመን ፒያኖ ላይ ተቀምጣ የራሷን ጣቶች ስትከተል ኖራ፣ አንድ ድምፅ እስኪሞት ምን ያህል እንደሚቆይ ከጎን ሆና አዳምጣ አታውቅም። ቀጠነ፣ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ግን አለ። አውራጁ ጨርሶ ሳለ የአውራጁ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ብቻዋን አልነበረችም።

በዚያ ድምፅ ላይ ገባች።

ሽማግሌው ጣታቸውን ሲያነሡ የፒያኖው ድምፅ ጠፋ፤ የሊኖር ግን መሐል መንገድ ላይ ደርሶ ነበርና መመለስ አልቻለም፤ እስከ ጫፉ ሄደ። የግራ እጇ ጭኗ ላይ ምት ይመታል። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው። ሽማግሌው እስክትጨርስ ሳይነቃነቁ ቆዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ውጤቱ የሚመጣው የትምህርት ዕረፍቱ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ሲመጣም ማለፏን ይናገራል፤ ከጆሮው ክፍል ያገኘችው ከሁሉም ያነሰው ቢሆንም ባዶ አይሆንም፤ ያም በቂ ነው። ያን ዕለት ግን ይህን ማንም አያውቅም። እናትና ልጅ በፀሐይ ወደ ማዕከላዊው የአውቶቡስ ጣቢያ፣ ወደ ታሃና መርካዚት ሄደው አውቶቡስ ማቆሚያው ጥላ ሥር ቆሙ። ወታደሮች፣ ተማሪዎች፣ ከገበያ ጎመንና ሐብሐብ የተሸከሙ ሴቶች አጠገባቸው ይጠብቃሉ። ሊኖር ሁሉንም ነገረቻት፤ አንደኛዋን፣ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን።

የሻሽወርቅ ሦስተኛዋ ላይ «እሰይ!» አለች። አንደኛዋ ላይ ትከሻዋን ሰበቀች፤ በእሷ ሕግ ጥፋት አልነበረም። ያልተዋጠላት ሁለተኛዋ ናት።

«ረሳሻት?»

«አልረሳኋትም። አሁንም አለች።»

«ምን ትል ነበር?»

ሊኖር ዙሪያዋን አየች። ማንም አላወረደላትም። ፒያኖ የለም፣ ከበሮ የለም፤ እናቷ ጆሮዋን ሰጥታ ትጠብቃለች፤ አንዲት ጎመን የያዘች አሮጊትም ዞር ብላ ታያቸዋለች። ሊኖር ዓይኗን ወደ አስፋልቱ ልትሰብር ነበር፤ ተወችው። ዜማዋን ከመነሻዋ ጀመረች፤ በዝግታ፣ ግን አውቶቡሶቹ መሐል በሚሰማ ድምፅ።

ግማሽ ሳትደርስ የሻሽወርቅ እጇን እያጨበጨበች ከላይ ገባችባት፤ ሙሉ ድምፅ፣ ሙሉ ልብ፣ ዜማውን የጎንደር የሰርግ ዘፈን አስመስላ።

ሊኖር እጇን አነሣች።

«ኢማ፣ ቆይ» አለች። «ልጨርስ።»

የሻሽወርቅ ዝም ብላ ጠበቀቻት።